ሽሽ የሚለው ነገር

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ አርሲ ደጋ የሚወጣ መንገደኛ፣ የስምጥ ሸለቆው ወበቅ ከኋላው ቀርቶ የጭላሎ ነፋስ ፊቱን መንካት በሚጀምርበት፣ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ በስንዴና በገብስ ማሳ ተከብባ የሚያገኛት ሁሩታ፣ የሎዴ ሄጦሳ ወረዳ ርእሰ ከተማ እንደ መሆኗ በብዙ ነገር ብትመሰገን የሚገባት ስትሆን፣ በጸጥታ ግን ተመስግና አታውቅም። ሌሊቱ ሳይነጋ የድምፅ ማጉያው ይቀድማል፤ ከእርሱ ቀጥሎ ወፍጮ ቤቱ ይነሣል፤ ወፍጮ ቤቱን ባጃጁ፣ ባጃጁን በርና መስኮት የሚበየድበት ብረታ ብረት ቤት ይከተለዋል፤ በመኸር ጊዜ ደግሞ ኮምባይነሩ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ማሳ በከተማው መካከል ሲያልፍ፣ የጣሪያው ቆርቆሮና የመደርደሪያው ብርጭቆ አብረው ያጨበጭባሉ። ይህን ሁሉ የሁሩታ ሰው በጋቢው ተጠቅልሎ፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ በሰላም ተኝቶ ያሳልፈዋል።

ነገር ግን ይኸው ታጋሽ ሰው ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤት ተቀምጦ ሳለ፣ ከ40 ዓመት በፊት የተቀዳ ዘፈን ሲከፈትና ዘፋኙ ገና አፉን ሳይከፍት ያቺ ቀጭን፣ ሽሽ የምትል ድምፅ ስትሰማ፣ ስኒውን አስቀምጦ ቀና ይልና «ኧረ ይኼን ነገር አጥሩት! ጆሯችንን በላው እኮ!» ይላል። በዚያው ቅጽበት ባጃጁ ከደጅ ቆሞ ጡሩምባውን ቢያንጫርርበት ቃል አይወጣውም።

አበው «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ሲሉ፣ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ከሁሉ በኋላ ይሰማል ለማለት እንደ ሆነ የታወቀ ነው። እኔ ግን የሁሩታን ሻይ ቤቶች ጠባይ ካየሁ ወዲህ ምሳሌው ስለ ሙዚቃም የተነገረ እየመሰለኝ ሄዷል፤ ጆሮ የሚቈጣበትንና የሚታገሠውን የሚመርጠው ባለቤቱን ሳያማክር ነውና።

ይህን የሰው ጠባይ ከሁሉ አስቀድሞ ተረድቶ እንጀራ ያደረገው፣ በዋናው አስፋልት ዳር ሞባይል የሚጠግን አንድ ወጣት ነው። በካርቶን ላይ በወፍራም እስክሪብቶ «የድሮ ካሴት ወደ ሜሞሪና ፍላሽ እንጭናለን፤ ሽሽታ እናጠፋለን» ብሎ ጽፎ ከበሩ መቃን ላይ ሰቅሏል። ልጁ ትሑት፣ ሥራ ወዳድ፣ እጁም የሰላ ነው፤ ካሴትን ያወቀው ግን ካሴት ካረጀ በኋላ ስለ ሆነ፣ ካሴት የተባለ ሁሉ በሽተኛ ይመስለዋል። የመጣለትን ካሴት በመጀመሪያ ወደ ብርሃን ያነሣዋል፤ የረገበውን ክር ቢክ እስክሪብቶ አስገብቶ ያጠብቀዋል፤ ከዚያም ከኮምፒዩተሩ ጋር በሽቦ ካገናኘው አሮጌ ቴፕ ውስጥ ከትቶ ይከፍተዋል። ድምፁ በመስታወቱ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ሲሰለፍ፣ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ያለችውን ባዶ ቦታ በጣቱ ጫፍ ይጐትትና ለመሣሪያው ያሳየዋል፤ ይህም «ይህን የመሰለውን ሁሉ ከካሴቱ ዳር እስከ ዳር ፈልገህ አጥፋ» ማለት ነው። መሣሪያውም ታዛዥ ነውና ፈልጎ ያጠፋል። ባለቤቱም ከፍሎ፣ ዘፈኑን በስልኩ ይዞ፣ ካሴቱን ብዙ ጊዜ እዚያው ባንኮኒው ላይ ትቶ ይሄዳል።

ሽሽታው ግን ከየት መጣ? ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ለዓለም ያሳየው ካሴት በሆዱ የያዘው ክር፣ ስፋቱ 3.81 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይህችው ጠባብ ክር በሁለት ገጽ፣ ገጹም በግራና በቀኝ ሲካፈል፣ ለአንዱ ድምፅ የሚደርሰው መንገድ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚያም ላይ በትልልቅ ስቱዲዮ የሚቀዳበት ክር በሴኮንድ 38 ሴንቲ ሜትር ሲሮጥ፣ የካሴቱ ክር በሴኮንድ 5 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ ያዘግማል። ክሩን የቀባው የብረት ዝገት ነው፤ እያንዳንዷም የዝገት ብናኝ እንደ ፈቀደች የተኛች ማግኔት ስለ ሆነች፣ ምንም ባልተቀዳበት ክር ላይ እንኳ አርምሞ የለም። ብናኙ ብዙ፣ መንገዱ ጠባብ፣ ጉዞውም ዝግተኛ ሲሆን፣ የእነዚያ ሁሉ ማጉረምረም ተደምሮ ሽሽ ይላል።

ሬይ ዶልቢ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ይህን ማጉረምረም የሚያዳክም ጥበብ እንዳበጀ፣ የጥበቡም ስም በየቴፑ ግንባር ላይ ሲጻፍ እንደ ኖረ እናስታውሳለን። ጥበቡ የሚሠራው ግን ሲቀዳም ሲሰማም አብሮ ሲኖር ነው፤ ሲቀዳ ቀጫጭኑን ድምፅ ከፍ ያደርግና ሲሰማ መልሶ ዝቅ ሲያደርገው ሽሽታው አብሮ ይወርዳል። በእኛ አገር ግን ቍልፉ በቴፑ ላይ ስላለ ብቻ ይጫኑት ነበር፤ ያለ ዶልቢ የተቀዳውን ካሴት በዶልቢ ሲሰሙት ድምፁ ይፈዝዛል፤ ባለ ቴፑም «አየህ፣ ጠራ!» ብሎ በእንግዳው ፊት ይኰራ ነበር።

የሁሩታው ሽሽታ ደግሞ ተራ ሽሽታ አይደለም፤ ተጓዥ ሽሽታ ነው። ከአዲስ አበባ ሙዚቃ ቤት የወጣው ኦርጅናል ካሴት አዳማ ላይ በባዶ ካሴት ሲቀዳ የአዳማው ሽሽታ ተጨመረበት፤ የአዳማው ቅጂ ሁሩታ ደርሶ ሲቀዳ የሁሩታው ተደረበበት፤ ከሁሩታም ወደ ገጠር ሠርግ በአህያ ጭነት ላይ ሲወርድ ሌላ ቅጂ ተወለደ። ስለ ድምፅ የተማሩ ሰዎች እኩል የሆኑ ሁለት ሽሽታዎች ሲደመሩ በ3 ዴሲቤል ከፍ ይላል ይላሉ፤ ስለዚህ ጆሮው የሠለጠነ ሰው ካሴቱ ስንት ከተማ እንዳደረ ከሽሽታው ብቻ ሊናገር ይችል ነበር። የአርሲ አድማጭ ዘፈኑን የገዛው ከነመንገዱ ነው።

መንገዱም ቢሆን ሽሽታ ብቻ ጭኖ አልመጣም። በዚህ አካባቢ እስከ ዛሬ በሠርግ ላይ የሚዘፈን አንድ ዘፈን አለ፤ በጥንት ጊዜ የተቀዳበት ሸክላ ተጭሮ ኖሮ መርፌው ከአንድ ቦታ ይዘልል ነበርና፣ ከዚያው ሸክላ የተቀዱት ካሴቶች ሁሉ ዘለሉ፤ ከካሴቶቹ ያጠኑት ወጣቶችም አብረው ዘለሉ፤ ዛሬ የእነዚያ ወጣቶች ልጆች ሙሽራ ሲያጅቡ እዚያ ስንኝ ላይ ሲደርሱ አንዲት ቃል ጥለው፣ ጭብጨባውንም በእኩል አጥፈው፣ ሁሉም በአንድነት ወደሚቀጥለው ይሻገራሉ። አንድ የአዲስ አበባ እንግዳ በአንድ ሠርግ ላይ ቃሏን ሳይጥል ቢዘፍን፣ «ይኼ ሰውዬ ዘፈኑን አያውቀውም» ተብሎ ታማ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ነገሩን ያከረረው ግን በ1978 ዓ.ም. የተቀዳ የሠርግ ካሴት ነው። በዚያ ዘመን ቪዲዮ የሚያስቀርጽ ሰው ጥቂት ስለ ነበረ፣ ደህና ቴፕ ያለው ዘመድ ቴፑን ከዳሱ ምሰሶ ሥር አስቀምጦ ቀይዋን ቍልፍ ይጫንና፣ ድንጋዩ እስኪደክም ድረስ የሆነው ሁሉ ይቀዳ ነበር። የሠርጉ ባለቤት ዛሬ ስድሳውን ያለፉ፣ ማሳቸውን ለልጆቻቸው አካፍለው በከተማው ዳር የተቀመጡ ጭምት ሽማግሌ ናቸው። ካሴታቸውን ሰጥተው፣ በማግስቱ መጥተው፣ ጆሮ ማዳመጫውን በባርኔጣቸው ላይ አድርገው ሰሙ። ጥቂት ሰሙና አወለቁት።

«ልጄ፣ ሰዎቼ የት ሄዱ?»

«የቶቹ ሰዎች፣ አባባ?»

«እልል ያሉት ናቸዋ! ያጨበጨቡት! ሁለት ሰንጋ ጥዬላቸው፣ ሦስት ቀን ሲበሉ ሰንብተው፣ አንድም ሰው የለም እኮ! ዘፋኙ ብቻውን ሜዳ ላይ ይጮኻል።»

«እሱ ኖይዝ ነው፣ አባባ። አጥፍቼዋለሁ።»

«ኖይዝ ያልካቸው አማቴ ናቸው!»

ልጁን ለመውቀስ አልቸኵልም። ልጁ ለዚህ ካሴት የተጠቀመበት አዲስ መሣሪያ ዘፈንን ከዘፈን ውጭ ካለው ነገር ለይ ተብሎ የሠለጠነው፣ እልልታ በሌለበት አገር፣ ታዳሚው ዝም ብሎ ተቀምጦ በሚሰማበት አዳራሽ በተቀዳ ሙዚቃ ሳይሆን አይቀርም። ለእርሱ ከምላስ ጫፍ እየተርገበገበ የሚወጣ ያ ቀጭን ድምፅ የማንቂያ ደወል ወይም የተበላሸ ሽቦ ነው። የሁሩታ እናቶች እንደ ተበላሸ ሽቦ መቈጠራቸውን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ ግን እገምታለሁ።

ሽማግሌው አዝነው ሲወጡ የታሰበኝ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የተጻፈው የስንዴውና የእንክርዳዱ ምሳሌ ነበር፤ ስንዴ በሚያመርት አገር ደግሞ ይህን ምሳሌ ማንም ሰው ያለ መምህር ይተረጕመዋል። ባሮቹ እንክርዳዱን ዛሬውኑ እንንቀል ሲሉ የእርሻው ጌታ የከለከላቸው እንክርዳዱን ወዶት ሳይሆን፣ ሥሩ ከስንዴው ሥር ጋር ተቈላልፎ ስላለ ነው። የካሴቱም ነገር እንዲሁ ነው። ሽሽታው በሁሉም የድምፅ ደረጃ የተዘራ ሲሆን ለጆሮ ጐልቶ የሚሰማው በላይኛው፣ በቀጭኑ በኩል ነው፤ በዚያው በቀጭኑ በኩል ደግሞ የከበሮ ሳሕኑ ጥራት፣ የማሲንቆው ጭራ ጅማቱን ሲፈትገው የሚወጣው ሻካራ ድምፅ፣ ዘፋኙ ከስንኝ ወደ ስንኝ ሲሻገር የሚስበው ትንፋሽ ይኖራል። አንዱን በኃይል ሲነቅሉ ሌላው አብሮ ይመጣል፤ የቀረውም ዘፈን ውሃ ውስጥ የተዘፈነ ይመስላል።

ከሁሉ የሚጐዳው ደግሞ ሽ የተባለችው ፊደል ናት። በአማርኛ ሴትን በቅርብ ስናነጋግር ግሡን የምናስርባት እርሷ መሆኗን ልብ ይሏል፤ መጣሽ፣ ሄድሽ፣ ቀረሽ፣ ናፈቅሽኝ፣ ምን ሆነሻል እያልን። እንግዲህ የአገራችን ዘፋኞች አብዛኛውን ዕድሜያቸውን የጨረሱት ሴትን በመለመን ስለ ሆነ፣ ከአንድ ካሴት ላይ ሽ ቢለቀም እፍኝ ሙሉ ይወጣል። ይህች ፊደል ደግሞ በድምፅዋ ከሽሽታው ጋር እኅትማማች ናት፤ መሣሪያው ሲያጥብ አንዷን ከሌላዋ ለመለየት ይቸገራል። በኃይል የታጠበ አንድ የፍቅር ዘፈን ሰምቼ፣ ሰውየው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይለምናል፤ የሚለምነው ግን ማንን እንደ ሆነ ጆሮ አልለይ አለ። ያቺ ሴት ይህን ካሴት በጊዜው ሰምታ ቢሆን ኖሮ «ለእኔ አይደለም» ብላ በሯን በዘጋች ነበር።

የድምፅ ጽርየት ይሁን የሚለውን ሁሉ የሚያስደነግጠው ግን በገና ነው። አሥሩ አውታሮቹ እያንዳንዳቸው ከብርኩማው ላይ ሲያርፉ ከሥራቸው እንዚራ የምትባል ቍራጭ ቆዳ ትገባላቸዋለች፤ ደርዳሪው እርሷን ወደ ላይና ወደ ታች እያስጠጋ፣ አውታሩ በተመታ ቍጥር ቆዳዋን እየነካ እዝዝ እንዲል ያደርጋል። እንዚራዋ ከሌለች በገናው ልዝብ፣ ጸጥ ያለ፣ ለዘመናዊ መሣሪያ የሚመች ድምፅ ይሰጣል፤ በገና ግን አይሆንም። አባቶቻችን ያንን ንዝረት ሳይቸግራቸው በቆዳ ሠርተው አስገቡት ማለት ነው። በዐቢይ ጾም ዓለሙ አጋ የደረደሩትን የሰማ ሰው፣ ጸሎቱ በድምፃቸውና በአውታሩ መካከል በዚያው ንዝረት ተሸክሞ እንደሚሄድ ያውቃል። እዚያው ሞባይል ቤት አንድ መሪጌታ የበገና ካሴት ለማስጫን መጥተው ሳለ፣ ልጁ ጥቂት አዳምጦ «የኔታ፣ የቴፕዎ ስፒከር ተቀድዷል፤ ይዝዛል» ቢላቸው፣ መሪጌታው ዝም ብለው አይተውት «የተቀደደስ የንጉሥ ዳዊት ስፒከር ነው» አሉት ይባላል። ካሴታቸውንም ሳያስጭኑ በነጠላቸው ጠቅልለው ወሰዱ።

ነገሬ ወደ ጥንቱ ይወስደኛል። ዳግማዊ ምኒልክ የአውቶሞቢል ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር የላኳቸው ተሰማ እሸቴ፣ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በዚያው ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ያን ጊዜ የኤሌክትሪክ ማይክሮፎን ለሸክላ ሥራ አልዋለም፤ ባለቅኔው በትልቅ ቀንድ አፍ ላይ ሆኖ ይጮኻል፣ መርፌውም በድምፁ ጕልበት ብቻ እየተንቀጠቀጠ ሰም ይቀርጻል። ሸክላው ራሱ ከሙጫ ጋር የተፈጨ ድንጋይ የተቀላቀለበት ስለ ሆነ መርፌ በሄደበት ሁሉ ይፍጨረጨራል። ከመቶ ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ ኅትመቱ እነዚያን ቅጂዎች ሲያወጣ፣ ሽሽታውና መንጣጣቱ ከነጋድራሱ ድምፅ ጋር ሲታገል ይሰማል። ያን ፍጭርጭርታ ፈጽሞ ላጥፋ የሚል ሰው የነጋድራሱን ጕሮሮ አብሮ ይዞ እንደሚሄድ የታወቀ ነው፤ እኔም በዚህ ላይ ከማንም ጋር ለመከራከር ዝግጁ ነኝ።

የአምሃ እሸቴም ጉዳይ አለ። ሸክላ የማሳተም ሥልጣን በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ ይህ ገና ወጣት የነበረ የሙዚቃ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1969 በድፍረት የራሱን ኩባንያ አቋቁሞ፣ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ የሚበልጡ ትንንሽ ሸክላዎችን ባሕር ማዶ እያሳተመ ለሕዝብ አቀረበ። የያኔዎቹ ዘፈኖች ቅጂ ሁሉ ባለ ብዙ ክፍል ስቱዲዮ አግኝቶ የተሠራ አልነበረም፤ ዘፋኙና ባንዱ በአንድ ክፍል ቆመው፣ አንዱ የሳተ እንደ ሆነ ሁሉም ከመጀመሪያው እየጀመሩ ያስቀዱ ነበር። ስለዚህ በእነዚያ ሸክላዎች ውስጥ ከድምፃዊው ኋላ የምትሰማው ጭፍግ ያለች ድምፅ የማሽን ጥፋት ሳትሆን የክፍሉ ግድግዳ ናት።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም አሉ። እኒህ መነኵሲት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ያረፉት፣ በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ሳሉ በቤታቸው ቴፑን ከፍተው፣ ፒያኖ እየመቱ እየዘመሩ ለራሳቸው ቀድተውት የነበረው ካሴት በ2024 በአሜሪካ ታትሞ ወጣ። አሳታሚዎቹ ቢፈልጉ የሚያጠፉት ነገር ሞልቶ ነበር፤ ክሩ ሽሽ ይላል፣ የፒያኖው እንጨት ይንቋቋል፣ ከመስኮቱ ውጭ ወፎች ይንጫጫሉ። ወፎቹን ግን አላጠፏቸውም። እንግዲህ ከ40 ዓመት በፊት በአዲስ አበባ አጥር ላይ የጮኸች አንዲት ስም የለሽ ወፍ፣ ዛሬ በኒውዮርክ ሰው ቤት በጆሮ ማዳመጫ ትሰማለች። ከዘመኗ ባለሥልጣናት መካከል ይህን ያህል ድምፁ የተከበረለት ብዙ ያለ አይመስለኝም።

እንዲህም ሆኖ፣ ሽሽታ ወዳጆች ነን የሚሉት ሰዎች ሲያበዙት ያን ጊዜ ደግሞ ወደ ልጁ ወገን መሄድ ያምረኛል። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን በአኮርዲዮንና በኤሌክትሪክ ኪቦርድ ብቻውን የሠራውን ካሴት፣ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ከአንድ ካሴት ሻጭ አግኝቶት በ2013 እንደ ገና አሳትሞለት፣ በዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዳ የነበረው ሰው ዳግመኛ ወደ መድረክ ወጣ። ይህ መልካም ነው። ከዚያ ወዲህ ግን በውጭ አገር ያሉ አንዳንድ ሰብሳቢዎች የተጫረ ሸክላችንን ካልተጫረው አስበልጠው ሲፈልጉ፣ ሽሽታውን «ነፍስ» ሲሉት፣ አስተውያለሁ። ዘፋኙ ራሱ በጊዜው ያን ሽሽታ ሲሰማ ቴፑን ከፍ ዝቅ እያደረገ ተበሳጭቶ እንደ ነበር ማንም አይጠይቀውም። ድህነታችንን ጥበብ ብሎ የሚገዛ ሰው፣ እውነተኛ ገንዘብ ከከፈለ ክፉ ሰው ነው ባልልም፣ ትንሽ ያስቀኛል።

የእኔ ጠብ እንግዲህ ከማጠቡ ጋር አይደለም። ከዋናው ክር ላይ፣ ምን እንደሚነቅል በሚያውቅ ሰው እጅ፣ በልክ ቢታጠብ ደስ ይለኛል፤ የጥላሁን ገሠሠን ድምፅ ከሦስት ከተማ ሽሽታ በታች መስማት ጽድቅ ነው የሚል መጽሐፍ አላነበብሁም። ጠቤ ባንኮኒው ላይ ተትተው ስለሚቀሩት ካሴቶች ነው። ልጁ በወር አንድ ጊዜ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ ያወጣቸዋል፤ ሕፃናት ክሩን መዝዘው ከመብራት እንጨት እስከ መብራት እንጨት ያስሩታል፤ ነፋስ ሲመታው እዚያም ላይ ሆኖ ሽሽ ይላል። «የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» ማለት ለዚህ ነው። የወንጌሉ እርሻ ጌታ ሁለቱም እስከ መከር አብረው ይደጉ ማለቱን ያስቧል፤ የዛሬው መሣሪያ አማትን ከሽቦ የማይለይ ቢሆን፣ ከ20 ዓመት በኋላ የሚመጣው ሊለይ ይችላልና፣ ያን ጊዜ የሚሰጠው ካሴት ያስፈልገዋል።

ያም ሆነ ይህ፣ የሁሩታው ሞባይል ቤት ንግድ በአንድ እግሩ የቆመ አይደለም። ልጁ ማታ ማታ ለአካባቢው ወጣት ድምፃውያን በአማርኛም በኦሮምኛም ሙዚቃ ያቀናብራል፤ ሙዚቃውም ከኮምፒዩተር የሚወጣ ስለ ሆነ እንከን የለሽ፣ ጥርት ያለ፣ ማንም ሰው ያልገባበት ቤት ዓይነት ነው። ታዲያ አሁን በመላው ዓለም የመጣው ፋሽን አዲስ ዘፈን ላይ የአሮጌ ሸክላ መንጣጣትና የካሴት ሽሽታ ጨምሮ ማውጣት ሆኖ፣ ልጁም ይህን ፋሽን ይዞታል። ከሰዓት በፊት ከአሮጌው የነቀለውን ከሰዓት በኋላ ለአዲሱ ይተክላል፤ ለሁለቱም ያስከፍላል። አበው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ይህን ሳያዩ ነው።

እኒያ ባለ ሠርጉ ሽማግሌ ከቀናት በኋላ ተመልሰው የመጡት ልጁ እንዲህ ያለውን አዲስ ዘፈን ከፍቶ ሲያሰማ ነበር። ቆመው አዳመጡ።

«ይኼ የማን ካሴት ነው? እንዴት አርጅቷል!»

«አዲስ ነው አባባ፤ ትናንት ነው የሠራሁት። ሽሽታውን እኔ ነኝ የጨመርኩበት፤ ድሮ ድሮ እንዲል።»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡ። «ከየት አምጥተህ?»

«እዚሁ ኮምፒዩተር ውስጥ አለ።»

«ከእኔ ካሴት ያወጣኸውን ነው?»

ልጁ ሳቀ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም፤ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ካሴቱን አወጡ፤ እርሳቸው ባንኮኒ ላይ ትተው ከሚሄዱት ወገን አልነበሩም።

«በል እንደ ገና ጫንልኝ። ሳትነካካው።»

«እሺ አባባ፤ ሃምሳ ብር ነው።»

«ባለፈው የከፈልኩህስ?»

«እሱ ለማጥፋት ነው። ይኼ ለመመለስ ነው።»

«እኔ ሽሽታውን መች አልኩህ፤ ሽሽታው ላንተ ይሁን፣ ለዘፈንህ አድርገው። አማቴን ብቻ መልስልኝ።»

«ሁለቱ አይለያዩም እኮ አባባ።»

«እንግዲያው አብረው ይምጡ፤ ለሽሽታው ግን አልከፍልም» አሉና በርጩማውን ስበው ተቀመጡ፤ ዋጋውም ከብዙ ክርክር በኋላ በሠላሳ ብር ተቈረጠ።